የጥምቀት ቀሚስና የጠርዙ ጠጠር

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ ምሕረት የመዘምራን ቀሚሷን በፌስታል ጠቅልላ መጣችና «ቲቸር፣ ጠርዙ ለቀቀብኝ» አለችኝ። አወጣሁና ገለበጥኩት። መርፌ የሚባል ነገር ነክቶት አያውቅም። ዙሪያውን በሙጫ ነው የተለጠፈው። ሙጫ! ቀሚሱን እንደ ፖስታ አፍ ለጥፋ ስታበቃ አጥባዋለች፤ አሁን ሙጫው እየተቀረፈ ይረግፋል። «ማነው እንዲህ ያስተማረሽ?» ብላት ስልኳን አውጥታ አንድ ጎረምሳ አሳየችኝ። ጎረምሳው ጥርሱን እያሳየ፣ ከኋላው ሙዚቃ እየጮኸ፣ ያለ መርፌና ያለ ክር ልብስ የሚሰፋበትን ዘዴ በአንድ ትንፋሽ ይዘረግፈዋል። «ቲፕስ ነው እኮ ቲቸር! ስንት ሰው አይቶታል መሰለዎት!» አለችኝ ምሕረት፣ ስለ እኔ አለማወቅ እያዘነች።

ስንት ሰው አይቶታል! ብዙ ሰው ያየው ነገር ሁሉ ዛሬ ሙያ ሆኖ ቁጭ ይላል ማለት ነው። ዕድሜዬን ሙሉ የሶዶን ሴቶች ልጆች ስፌት ሳስተምር ኖሬ፣ ጡረታ ወጥቼ፣ መጨረሻዬ ከሙጫ ጋር መወዳደር ሆነ። ልጅቱን ሳልሰድባት የለቀቅኳት እናቷን ስለማከብር ብቻ ነው። አዲስ አቡጀዲ ገዝታ እንድትመጣ አዘዝኳት። ስታመጣውም መቀስ ከማንሳቴ በፊት ሳፋ ውስጥ ነከርኩት። «አዲስ ጨርቅ ያጥቡታል እንዴ?» ብላ ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። ያልታጠበ አቡጀዲ ከተሰፋ በኋላ እንደሚሰበሰብና እንደሚያጥር ያ ጥርሳም አልነገራትም። ጨርቁ ውኃ ሲጠጣ አሚዶው ለቀቀና ያ የማውቀው ሽታ፣ የአዲስ አቡጀዲ ሽታ፣ ቤቱን ሞላው። ምሕረት አፍንጫዋን ያዘች። እኔ ግን ሳፋው አጠገብ እንደተቀመጥኩ ብዙ ቆየሁ።

የዚያን ጊዜው ሶዶ ይኼ ባጃጅ የሚተራመስበት ሶዶ አይደለም። ጠዋት ጠዋት ከዳሞታ የሚወርደው ጉም እስኪገፈፍ ድረስ ሱቆቹ አይከፈቱም ነበር። ሲከፈቱ መጀመሪያ ወደ ውጭ የሚወጣው ጨርቅ ነው። ከስልጤ የመጡት ሐጂ የአቡጀዲውን ጣቃ፣ ካኪውን፣ አበባ ያለበትን ፖፕሊን በረንዳቸው ላይ ይደረድሩታል። ጨርቅ የሚለካው በክንድ ነበር፤ ሜትር ቢኖርም ገበሬው አያምነውም። ስለዚህ ከቦዲቲ በጭነት መኪና ላይ ተጭኖ የሚመጣ ሰው ከዘመዶቹ ሁሉ ክንደ ረጅሙን መርጦ ይዞ ይመጣል። ሐጂም ይህን ስለሚያውቁ ዋጋውን አስቀድመው ከፍ አድርገው ይጠራሉ። ሁለቱም ወገን አታለልኩ እያለ ደስ ብሎት ይለያያል። በአንድ ስሙኒ መርፌ ከነወረቀቱ፣ ክርና ነጭ አዝራር ተገዝቶ ለሸንኮራ ይተርፍ ነበር። ከአንዱ ቡና ቤት ሸክላ ሲዘፍን ይሰማል፤ እኛ የጸሎት ቤት ልጆች ዘፈን መስማት ስለማይፈቀድልን በዚያ በኩል ስናልፍ ቀስ ብለን ነበር የምንራመደው።

በሐጂ በረንዳ ላይ መኪናቸውን ዘርግተው የሚቀመጡትን ልብስ ሰፊዎች ዛሬ ሰው ሲያደንቃቸው ስሰማ ሳቄ ይመጣል። «የድሮ ሰፊ!» ይላሉ። የድሮ ሰፊ ሰውን በዓይኑ ነው የሚለካው። ቢወፍሩ ቢከሱ፣ ቢያጥሩ ቢረዝሙ ለእሱ አንድ ነው። ከሱሪው አሳጥሮ ያስቀረው ጨርቅ የልጁ ቆብ ሆኖ ይወጣል። በዚህ ምክንያት የሶዶ ወንድ ሁሉ፣ አስተማሪውም ጸሐፊውም፣ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ የቀረ የካኪ ሱሪ ለብሶ ይንጎራደድ ነበር። ይባስ ብሎ ከአዲስ አበባ የመጣ ፋሽን ነው ብለው ያወሩ ነበር። አንድም ሰው ጎንበስ ብሎ ካልሲውን አይቶ የተዘረፈ መሆኑ አልገባውም።

እኔ ስፌት የተማርኩት በጸሎት ቤታችን ግቢ ነው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ልጃገረዶች ሁሉ ዱካችንን ይዘን ባሕር ዛፉ ሥር እንሰበሰባለን። አስተማሪያችን አንዲት ፈረንጅ ነበረች፤ ሁላችንም «ሚስ» ነበር የምንላት። ደግ ሴት ናት፤ ሙያዋን ግን ተዉት። ከአገሯ በወረቀት ተቆርጦ የመጣ የቀሚስ ልክ ነበራት፤ ያ ወረቀት በዓለም ላይ ዳሌ የሚባል ነገር መኖሩን አያውቅም። በእሱ የተሰፋ ቀሚስ የለበሰች ልጅ መቆም እንጂ መቀመጥ አትችልም። ከወላይትኛ የምታውቀው «ሎኦ» የሚለውን ብቻ ነው፤ ጥሩ ነው ማለት ነው። ቀጥ ያለውንም ስፌት ጠማማውንም «ሎኦ፣ ሎኦ» እያለች ታልፋለች። ሁሉም ጥሩ ነው ከተባለ ማን ይማራል? እኔ የተማርኩት ከገዛ እጄ ነው። ክር በሻማ ላይ ሲሳብ እንደማይቋጠር፣ የደረቀ የሳሙና ቁራጭ ጨርቅ ላይ ሲያሰምሩበት ከጠመኔ እንደሚበልጥ፣ መርፌ የሰው ፀጉር በተሞላ ትራስ ላይ ከተሰካ ዝገት እንደማይነካው አንድም ሰው አልነገረኝም። ምሕረት ይህን ስነግራት «ለምን ቪዲዮ አይሠሩም?» አለችኝ። ጥርሴን ማሳየት ስለማልወድ ነው አልኳት።

ሚስ ለዕረፍት አገሯ ስትሄድ ሐሙሳችን በጴጥሮስ እናት እጅ ወደቀ። የጴጥሮስ እናት ሰው የሚያጠምቀው ሽማግሌ ሚስት ናት፤ ስሟን የሚጠራ ሰው አልነበረም፤ በልጇ ነበር የምትታወቀው። ግቢው ውስጥ አንዲት የስፌት መኪና ነበረች፤ የሣጥኗን ቁልፍ የጴጥሮስ እናት አንገቷ ላይ አሥራው ትዞራለች። መኪናዋን እንድንነካ አትፈቅድም። እንዲያውም አንድ ክረምት ሙሉ የሰፋነው የመኪናዋን ልብስ ነው፤ በእጃችን፣ በጥልፍ፣ ዙሪያውን ዳንቴል አድርገን። መርፌ ስትይዝ አላየኋትም፤ ስትቆጣጠር ግን የሚስተካከላት የለም። ስትቆጣ ወላይትኛዋን ትታ ወደ አማርኛ ትዞራለች፤ አማርኛ የቢሮ ቋንቋ ስለሆነ የሚያስፈራ ይመስላታል። በወላይትኛ ለሴትም ለወንድም የሚባለው አንድ በመሆኑ ሁላችንንም «አንተ» ነበር የምትለን። «አንተ ልጅ፣ እጅህን ታጠብ፣ ጨርቁ ቆሸሸ!» ስትል ግቢው ፀጥ ይላል። ጥቁር ቆዳ ጫማ የነበራት ሴት እሷ ብቻ ነበረች፤ ጭቃ ካለ ድንጋይ ለድንጋይ እየረገጠች ነው የምትሄደው። ከልቤ ነበር የምንቃት።

ስለ ጥልፋችንም አንድ ነገር ልናገር፤ አሁን አሁን በየሠርጉ «የጥንት የእጅ ሥራ» እየተባለ ይወደሳል። የሶዶ ልጃገረድ ሁሉ የምትጠልፈው አንድ ነገር ነበር፤ የትራስ ልብስ ላይ ሁለት ወፍና «መልካም ሕልም» የሚል ጽሑፍ። ወፎቹ ዶሮ ይሁኑ ርግብ አይለዩም። ከገበያ በተገዛ ርካሽ ቀይ ክር ስለሚሠሩ መጀመሪያ የታጠቡ ዕለት ቀለሙ ይለቅና የሙሽራው ጉንጭ ላይ ይታተማል። ክሩን ቀድሞ ጨው ባለበት ውኃ ማሳደር ነው፤ ነገር ግን ማን ሰምቶ! ሬዲዮ የሌለው ቤት የሬዲዮ ልብስ አስጠልፎ ያስቀምጣል፤ ሬዲዮው አንድ ቀን ይመጣል ብሎ። ሰው እንግዳ ቤት ሲገባ ጥልፉን ከፊት አይቶ «አይ ሙያ!» ይላል እንጂ ገልብጦ ጀርባውን አያይም። ጀርባው ቋጠሮ በቋጠሮ ነው። ዛሬ ደግሞ ሶፋውም፣ ቴሌቪዥኑም፣ ማቀዝቀዣውም ዳንቴል ለብሷል፤ ያውም ከቻይና የመጣ ዳንቴል። እርቃኑን የቀረው ባለቤቱ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ጥምቀቴ ልምጣ። እኛ ጋ ሰው የሚጠመቀው አድጎ፣ ተምሮ፣ ምስክርነቱን ሰጥቶ ነው። ያልተጠመቀ በጸሎት ቤት አያገባም፤ ከጌታ እራትም አይካፈልም። ዛሬ በሲሚንቶ ገንዳ ነው፤ ያኔ ግን ከከተማው በታች ያለውን ወንዝ በግንድና በእንሰት ቅጠል ገድበው፣ ውኃው ከወገብ ትንሽ ከፍ ሲል እዚያ ነበር። ሴቶች የሚለብሱት ሰፊ ነጭ የአቡጀዲ ቀሚስ ነው። እኔ ከመጠመቄ በፊት በነበረው ዓመት ማርታ የምትባል የሰፈራችን ልጅ ገባች። እጇን ደረቷ ላይ እንድታጣምር ታዘዘች። ገና ወገቧ ድረስ እንደገባች ቀሚሷ አየር ይዞ ዙሪያውን ተነፋና ወደ ላይ ወጣ። እጇን አውርዳ ልትጫነው ስትል «እጅሽን አጣምሪ!» ተባለች። ዳር ባለው ዛፍ ላይ የተንጠለጠሉት ልጆች በሳቅ ወደቁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ማርታን በስሟ የሚጠራት አልነበረም፤ «ጃንጥላ» ሆነች። ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ ጃንጥላ፣ ገበያ ስትሄድ ጃንጥላ። በመጨረሻ ቦዲቲ አክስቷ ዘንድ ሄዳ ቀረች። እነዚያን ዛፍ ላይ የተንጠለጠሉ አጋንንት ዛሬም ሽማግሌ ሆነው መንገድ ላይ ሳያቸው ሰላም አልላቸውም።

የእኔ ተራ ሲደርስ ሁለተኛዋ ጃንጥላ እንደማልሆን ለራሴ ማልኩ። የሚስን ቤት ስናጸዳ መጋረጃዋን አይቼዋለሁ። የዳሞታ ነፋስ እንዳያነሳው ከታች ጠርዙ ውስጥ ትንንሽ ብረት ቢጤ ተሰፍቶበታል። መጋረጃ በነፋስ ካልተነሳ ቀሚስ በውኃ ለምን ይነሳል? ብረት የለኝም፤ ወንዝ ዳር ግን ጠጠር ሞልቷል። ክብ ክቡን ለቀምኩ። ጠጠር ራቁቱን ከተሰፋ እየተፋተገ አቡጀዲውን ይበላዋል፤ በጨርቅ እንዳልጠቀልለው የነበረኝ ቁራጭ ቀይ ስለሆነ ውኃ ሲነካው ነጩን ያበላሸዋል። ስለዚህ ከጫማ ጠጋኙ ዘንድ ስስ የቆዳ ቁርጥራጭ ለምኜ እያንዳንዱን ጠጠር በቆዳ ሰፋሁት። ከዚያ የቀሚሱን ጠርዝ በሰፊው አጠፍኩ፤ በየስንዝሩ ትንሽ ኪስ አበጅቼ አንድ አንድ አስገባሁና በጥቃቅን ስፌት ዘመዘምኩት። ለብሼው ጓዳ ውስጥ ስዞር ጠርዙ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ስቆም አብሮኝ ይቆማል። እናቴ በሩ ላይ ቆማ እያየችኝ ሳቀች። እንዲያ ደስ ያለኝ ቀን ጥቂት ነው።

ስለ እናቴ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። አባቷ በቦምቤ በኩል የታወቀ ጠንቋይ ነበር። እሷ ልጅ ሆና ቤቱን ጥላ ወጥታ፣ አንገቷ ላይ የታሰረውን ክታብ በእጇ በጥሳ ጥላ ነው ወደ ጸሎት ቤት የገባችው። አባቴ ከሞተ በኋላ እኔን ያሳደገችኝ እዚያው ግቢ እየጠረገች፣ ውኃ እየቀዳች ነው። ሰው ግን አይረሳም። ላም ስትታመም፣ ልጅ ሲያስቀምጠው፣ አንዳንዱ ዓይኑን ወደ እናቴ ይወረውር ነበር። እሷ ሁሉንም ሆድ ይፍጀው ብላ ትውጠዋለች።

ከጥምቀቱ በፊት ባለው ቀን ቀሚሶቻችን ሁሉ ለመተኮስ ለጴጥሮስ እናት ተሰጡ። ከመተኮስ በቀር ሌላ ሥራ ስለማትችል ካውያውን ለማንም አታስነካም። ከሰሉን ሞልታ፣ ምራቋን ጣል አድርጋ፣ ሲንጫጫ ሰምታ ጀመረች። እኛ ልጃገረዶች ተራ ይዘን ቆመናል። የእኔን ቀሚስ ዘርግታ ጠርዙ ላይ ስትደርስ ካውያው ዘለለ። ደገመችው፤ እንደገና ዘለለ። በጣቷ ዳበሰችው። ከዚያ ጥፍሯን አስገብታ ስፌቱን ትንሽ ከፈተችና ያቺን የተሰፋች ቆዳ አየች። ካውያውን እንደ ያዘች ወደ ኋላ ሸሸች።

«ክታብ!» ብላ ጮኸች። «ጌታ ሆይ፣ ክታብ ነው! አንተ ልጅ፣ ይኼ ምንድነው? ማን ሰጠህ?»

«ጠጠር ነው» አልኳት። «ቀሚሱ እንዳይንሳፈፍ ነው።»

«ጠጠር በቆዳ ይሰፋል? ዙሪያውን? በየስንዝሩ?» ወደ ሌሎቹ ልጆች ዞረች። «መንካት የለም! ማንም እንዳይነካ! አያቱ ጠንቋይ ነው፤ እኔ አውቃለሁ፣ ደሙ ውስጥ አለ!»

ደሜ ፈላ። መቀሱን ከጠረጴዛው ላይ አንስቼ እዚያው አንዷን ልከፍትላት ስል እጄን ያዘችኝ፤ ሽማግሌዎቹ ሳያዩት እንዳይከፈት አለች። ልጃገረዶቹ፣ ጠዋት አብረን ስንሳሳቅ የነበርነው፣ አንድ በአንድ ከአጠገቤ ራቁ። የምትረባ ልጅ ከመካከላቸው አልነበረችም።

ከሰዓት በኋላ ጸሎት ቤቱ ውስጥ ሽማግሌዎቹ ፊት ቀረብኩ። የጴጥሮስ አባት መሃል ተቀምጧል፤ ሚስቱ ቀሚሴን በእንጨት አንጠልጥላ አመጣችው፣ እባብ የያዘች ይመስል። እናቴ ተጠርታ መጥታ ከበሩ አጠገብ ባለው አግዳሚ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። አጠገቧ ማንም አልተቀመጠም። ስለ ውኃው፣ ስለ ማርታ፣ ስለ ሚስ መጋረጃ አስረዳሁ። አንዱ ሽማግሌ «የመጋረጃ ሌላ፣ የሰው ሌላ» አለኝ። ወንዶች ናቸው፤ ሱሪ ለብሰው ነው የሚጠመቁት፤ ቀሚስ ውኃ ውስጥ ምን እንደሚሆን አስበውት አያውቁም። ጠርዙን እዚያው ፊታቸው ተረተርኩ። ቆዳዋን ቀደድኩ፤ ጠጠሯ ጠረጴዛው ላይ ተንከባለለች። ሁለተኛዋንም፣ ሦስተኛዋንም። ሁሉም አንገቱን አስግጎ አየ። ከውስጡ ጽሑፍም ሥርም አልወጣም።

«ድንጋይም ይመለካል» አለች የጴጥሮስ እናት።

የጴጥሮስ አባት ጉሮሮውን ጠረገ። «ልጄ፣ ነገሩ ቀላል ነው» አለኝ። «ክታብ ነበር፣ ንስሐ ገብቻለሁ በይ። ነገ ከጓደኞችሽ ጋር ትጠመቂያለሽ። ለአንድ ቃል ብለሽ ዓመት ለምን ትጠብቂያለሽ?»

አንድ ቃል! ወደ እናቴ ዞርኩ። አልለመነችኝም፤ አልከለከለችኝም። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ መሬት መሬት ታያለች። እኔ ያንን ቃል ብናገር ለእኔ በነጋታው ይረሳልኛል። እሷ ግን ዕድሜዋን ሙሉ ጠርጋ ያጸዳችው ግቢ ውስጥ የጠንቋይ ልጅነቷ በልጇ አፍ ተመሰከረባት ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የማንም ላም በታመመች ቁጥር በሯ ይንኳኳል።

«ጠጠር ነው» አልኩ። «ሌላ አልልም።»

ማጉረምረም ሆነ። በመጨረሻ በዕድሜ ከሁሉም የሚበልጠው፣ ዓይኑ የደከመው ሽማግሌ ጠጠሮቹን በመዳፉ ሰብስቦ ሲያገላብጥ ቆየና፣ ጠጠሩ ከቀሚሱ ላይ ወጥቶ ልጅቱ ነገ ያለ ጠጠር ትጠመቅ ሲል ፈረደ። ሁሉም ተስማማ። ብልሃተኛ ፍርድ ብለው ተደሰቱ። ለእኔ ግን ሁለቱም በኩል ገደል ነበር። ውኃው ውስጥ ከገባሁ ጃንጥላ ነኝ፤ አልገባም ካልኩ ደግሞ «ያለ ክታቧ ፈራች» ይባላል፤ ያውም እናቴ ላይ። ማታ ጠርዙን መልሼ ስዘመዝም ጣቴን ደጋግሜ ወጋሁት። እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ ክር ታቀብለኝ ነበር።

በማግስቱ ወንዙ ዳር የከተማው ሰው ሁሉ ወጥቷል። በወላይትኛ እየተዘመረ፣ እየተጨበጨበ፣ ያላመነውም ለማየት መጥቶ ዳገቱ ሞልቷል። ካኪ ቁምጣ የለበሱት ልጆች ዛፉ ላይ ናቸው፤ ጃንጥላ ሊያዩ ነው የመጡት። የጴጥሮስ አባት ሸሚዙን ሰብስቦ ውኃው መሃል ቆሟል። ሚስቱ ዳር ላይ፣ ጥቁር ጫማዋን ተጫምታ፣ ሐር ሻሿን አሥራ፣ ለሚወጡት የሚሆን ነጠላ ይዛ ቆማለች። እኔ የመጨረሻዋ እንድሆን ተወስኗል። እናቴ ከሁሉም ኋላ፣ ከዛፎቹ ሥር ለብቻዋ ተቀምጣለች።

መጀመሪያ የገባችው ልጅ ወገቧ ድረስ ደረሰች፤ ቀሚሷ ተነፋ። ዛፉ ላይ ሳቅ ፈነዳ። እጇን አውርዳ ተጫነችው፤ በአንድ በኩል ስትጫነው በሌላው ወጣ። እንደምንም ተጠምቃ ስታለቅስ ወጣች። ሁለተኛዋ ይህን አይታ ውኃው ዳር ቁጭ አለችና አልገባም አለች። ዝማሬው ተቋረጠ። የጴጥሮስ አባት «ነይ እንጂ፣ ምንም የለም» እያለ በእጁ ይጠራታል፤ ለእሱ ምንም የለ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ያ ትናንት በመጋረጃው ነገር የመለሰልኝ ሰማይ ሰማይ ያያል። እውነቱን ልናገር፣ ልቤ ውስጥ ደስ አለኝ። ዓይኔን የጴጥሮስ እናት ላይ ተክዬ «አሁን ምን ትይ ይሆን?» ብዬ ጠበቅኳት።

የጴጥሮስ እናት የያዘችውን ነጠላ ሁሉ አጠገቧ ለቆመችው ሴት አሸከመቻት። ጫማዋን አወለቀች። ሻሿን ፈታች። ከዚያ ያንን ለአምስት ትውልድ ያስቀመጠችው የሚመስል ቀሚሷን ለብሳ እንደ ነበረች ውኃው ውስጥ ገባች። ባሏ አጠገብ ስትደርስ ተንበረከከች፤ ውኃው አገጯ ድረስ መጣ። «ና» አለቻት ያቺን አልገባም ያለችውን ልጅ። ልጅቱ ገባች፤ የጴጥሮስ እናት ጠርዙን ከሥር በሁለት እጇ ጨምድዳ ያዘችው። ቀሚሱ አልተነሳም። ዛፉ ላይ ያሉት ዝም አሉ። ሌላዋንም እንዲሁ፣ ቀጥሎ ያለችውንም። አንዷ ስትጠመቅ የረገጠቻት ይመስለኛል፤ አልጮኸችም። ልጃገረድ በልጃገረድ ላይ እየገባች ያቺ ሴት ከዚያ ቀዝቃዛ ውኃ አልወጣችም።

የእኔ ተራ ደረሰ። ስቀርብ ከንፈሯ ጠቁሮ ጥርሷ ይንቀጫቀጫል። ፀጉሯ ፊቷ ላይ ተለጥፏል፤ እንዲህ ሆና ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው። ምን ቆርጦኝ ዝም እላለሁ! ጎንበስ ብዬ «ጠጠሩ ይኼን ይሠራው ነበር» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች፤ ባሏ እየሰማ። «አሁን ግባ።»

ይቅርታ የሚባል ቃል ከአፏ አልወጣም፤ ያን ዕለትም ሆነ ከዚያ በኋላ። እኔም አልወደድኳትም፤ አሁን ሞታ እንኳ ስሟ ሲነሳ ፊቴ ይጠቁራል። ቀሚሴን ልትይዝ እጇን ስትሰነዝር ግን ጣቶቿ አልታጠፉላትም፤ ደንዝዘዋል። አንዴ ሞከረች፤ ጨርቁ አመለጣት። እንደገና ሞከረች። ከዚያ አንገቷን ከውኃው አውጥታ ወደ ዳር ጮኸች።

«የዚህ ልጅ እናት የት አለ?»

ሰው ሁሉ ወደ ዛፎቹ ዞረ። እናቴ ቀስ ብላ ተነሳች።

«ና፣ ውረድ!» አለቻት የጴጥሮስ እናት። «የእኔ እጅ እምቢ አለ። በዚህ በኩል አንተ ያዝ።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ የሆነ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተ። የጴጥሮስ እናት እዚያው ተንበርክካ እንዳለች በዓይኗ አየችውና ዘጋው። ሰዉ ለእናቴ መንገድ ለቀቀላት። ነጠላዋን አውልቃ ዘረጋች፤ አንዲት ሴት ተቀበለቻት። ወደ ውኃው ወረደች፣ መጣች፣ ከጴጥሮስ እናት ፊት ለፊት ተንበረከከች። የቀሚሴ ጠርዝ በሁለቱም በኩል ሲወጠር እግሬ ላይ ተሰማኝ።

«ያዝክ?» አለቻት የጴጥሮስ እናት።

«ይዣለሁ» አለች እናቴ፤ ዳር ያለው ሁሉ ሰማት።

እጄን ደረቴ ላይ አጣመርኩና ወደ ኋላ ተኛሁ።